ሕዋስ ተምሬ የመጣሁ ጊዜ

እናንተ ምን ተማራችሁ ስትባሉ በአንድ ቃል መልሳችሁ ትገላገሉ ይሆናል። ሕግ። አካውንቲንግ። ነርስ። ጠያቂውም አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። የኔ ትምህርት እንዲህ ዓይነት ርኅራኄ የለውም። ምን ተማርሽ ሲሉኝ «ሕዋስ» እላለሁ፤ ሕዋስ ምንድን ነው ሲሉኝ የእርሾን ሕዋስ እንደሆነ እናገራለሁ፤ ያኔ ጠያቂዬ ፊቴን ትክ ብሎ አይቶ፣ «እርሾ ለመማር ነው ያን ያህል ባሕር የተሻገርሽው?» ይላል። ቀልድ መስሎት ነው። ለኔ ግን የወጣትነቴ ታሪክ ነው።

ብርድ በማያባራበት አገር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ በአንዲት የእርሾ ሕዋስ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ምን እንደሚሠሩ ስከታተል ኖርኩ። የትኛው ተወለደ፣ የትኛው አረጀ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር ተጣበቀ። የመንደር ሐሜተኛ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ማሽኑ ውድ መሆኑ ብቻ ነው። በመጨረሻ ዶክተር አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ ቪዛሽ አልቋል ብለው ወደ ላሊበላ ሸኙኝ። ሁለቱን ነገር ባንድ ሰሞን ማድረጋቸው እስካሁን ይደንቀኛል።

ነገሩ የሆነው የሚሌኒየሙ ጭብጨባ ገና ሳይበርድ ነው። እኔም አባቴ ቤት ተቀምጬ ድኅረ ዶክትሬት የሚሉትን ነገር እፈልግ ጀመር። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ድኅረ ዶክትሬት ማለት አንድ ሰው ዶክተር ከሆነ በኋላ በሌላ ሰው ቤተ ሙከራ ገብቶ፣ የሌላ ሰው ሐሳብ እየሠራ፣ የሌላውን ሰው ዝና የሚያሳድግበት ክቡር ሥራ ነው። ይህን ክብር ለማግኘት የሚደረገው ግፊያ ደግሞ ለጉድ ነው። ማመልከቻ ያልላክሁበት አገር የለም። አብዛኞቹ ዝም አሉ። የመለሱልኝም «ማመልከቻሽ እጅግ ጠንካራ ነበር» ብለው ጀምረው «መልካም ዕድል እንመኛለን» ብለው ይጨርሳሉ። እጅግ ጠንካራ ከሆነ እነሱ ምን የሚሉ ደካሞች ናቸው? በመጨረሻ አንድ ፕሮፌሰር ብቻ፣ ፕሮቲን በመለየት ሥራ ስሙ የተጠራ ሰው፣ በቪዲዮ ላነጋግርሽ አለኝ። ይህ ቦታ ካለፈኝ ሌላ ተስፋ አልነበረኝም፤ ከዚህ ሥራ ትንሽ የራቀ ሰው እንደተረሳ ይቆጠራልና።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ደስታዬን መጀመሪያ የነገርኩት ለእሳቸው ነው።

«ዶክተርነቱን ጨርሰሽ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ አባባ። ይሄ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ድኅረ ዶክትሬት ይባላል።»

ግዕዙን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ድኅረ ማለት እኮ በኋላ ማለት ነው። ከዶክተርነት በኋላ ስትዪ... ዶክተርነቱ ቀርቷል ነው?»

«አልቀረም። እንዳለ ነው።»

«እሺ፣ እዚያ ስትሄጂ ተማሪ ነሽ?»

«ተማሪ እንኳ አልባልም።»

«መምህር ነሽ?»

«መምህርም አይደለሁም።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «እንዲህ ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለጊዜው ለሰው ባንናገረው ይሻላል።»

አልተናገሩም። የነገሩት ለነፍስ አባታችን ብቻ ነው፣ ያውም በጸሎት እንዲያስቡኝ። ቄሱም በጸሎት አስቧት ብለው ያሳሰቡት ምእመኑን ሁሉ ነው። በማግሥቱ ከቤተ ማርያም ስወጣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች ከበቡኝ። አንዷ ትከሻዬን ይዛ፣ «አይዞሽ እታለም፣ ዶክተርነትሽን የነጠቁሽን እግዜር ይይላቸው» አለችኝ። ሌላዋ ነርስ ብሆንም እንደማያሳፍር ነገረችኝ። አልነጠቁኝም ብል ማን ሊሰማኝ? የተነጠቀ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው።

ጥጋቡ የሚባል የአክስቴ ልጅ አለ፤ አስጎብኚ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ለፈረንጅ ሲያስረዳ ስለሚውል ያልተጋነነ ነገር ማውራት አይችልም። ስሜን ላድስ ብሎ ተነሣ። በየሆቴሉ በር፣ በየባጃጁ ላይ፣ «ማን ነው ተነጠቀች ያለው? እሷ የሕዋስ ሊቅ ናት! ውጭ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ስለ ሕዋስ ሊያማክሯት ቀጠሮ ይዘውላታል!» ይል ጀመር። ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ገባ።

እዚህ ላይ ልጅ ለሆናችሁት አንድ ነገር ማስታወስ አለብኝ። በዚያ ዘመን ሕዋስ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አገሩን የሚገዛው ድርጅት አባላቱን በትንንሽ ቡድን ያደራጃል፤ ትንሿ ቡድን ሕዋስ ትባላለች። ሕዋስ ስብሰባ አላት፤ ሕዋስ ግምገማ አላት፤ ሕዋስ ሰብሳቢ አላት። በሰው ገላ ውስጥም ሕዋስ አለ ብትሉ፣ በየትኛው ቀበሌ ሥር እንደተደራጀ ትጠየቁ ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር ልል አልችልም። አውቃለሁ። ግን የተማረ ሰው የሚያውቀውን ነገር በሚያስፈልገው ሰዓት አያስታውስም።

ለቃለ መጠይቁ ጥሩ ኢንተርኔት ያስፈልገኛል። ጥጋቡ ወደሚያውቀው ሆቴል ወስዶ አስሞከረኝ። የሆቴሉ መስመር ምስሌን የሚያሳልፈው በወንፊት እየነፋ ነው፤ መጀመሪያ አፍንጫዬ ይሄዳል፣ ድምፄ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ዓይኔ ሳይደርስ መብራት ይጠፋል። አስተናጋጁ «ለቱሪስቶቹ ይሠራል» አለኝ፤ እኔ ሆን ብዬ ያበላሸሁት ይመስል።

በከተማው ሰው የሚመካበት መስመር አንድ ነበር፤ የወረዳው አዳራሽ። ከበላይ የሚወርድ ንግግር ለመስማት የተዘጋጀ፣ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን፣ ካሜራና የራሱ ጄኔሬተር ያለው አዳራሽ ነው። ፈቃዱ ያለው ደግሞ የድርጅት ጉዳይ ኃላፊው ጓድ አስናቀ እጅ ነው። አስናቀ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሚደረድር፣ ንግግሩን ሁሉ «አንደኛ» ብሎ የሚጀምርና ሁለተኛው ላይ የሚረሳ ሰው ነው። ልጠይቀው ስሄድ ይጠብቀኝ ኖሯል።

«አንደኛ» አለኝ፣ «ሕዋስ ነው ያጠናሽው የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በምን ደረጃ?»

«ከመሠረቱ ነው። አፈጣጠሩን፣ አሠራሩን፣ ውስጡ ያሉት እንዴት እንደሚግባቡ፣ ሲደክም ምን እንደሚሆን...»

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። «ውጭ አገርም አለ ማለት ነው?»

«ሕይወት ባለበት ሁሉ ሕዋስ አለ። ያለ ሕዋስ ምንም ነገር አይቆምም።»

«እኛስ ስንጮህ የከረምነው ይህንኑ አይደል?» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ በሩን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተር፣ ካንቺ አልደብቅም። የኛ ሕዋሶች ታመዋል።»

ሰውዬው አሳዘነኝ። ቀጭን ነው፣ ፊቱም ገርጥቷል። «ምርመራ ተደርጓል?» አልኩት በለሰለሰ ድምፅ።

«በየሳምንቱ ይደረጋል። ለውጥ የለም።»

«ቤተሰብ ያውቃል?»

«ሕዝቡ ሁሉ ያውቃል» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እዚህ ላይ «ቆይ፣ ስለየትኛው ሕዋስ ነው የምናወራው?» ብሎ መጠየቅ ለአንድ ተመራማሪ የሚከብድ ሥራ አልነበረም። እርሾን ያን ያህል ዘመን በጥያቄ ያደከምኩ ሴት ለአንድ ኃላፊ አንድ ጥያቄ ነፈግሁት። አዳራሹን ፈቀደልኝ፤ በምትኩ በዚያው ዕለት፣ ከቀጠሮዬ በፊት፣ ለጥቂት ሰዎች ስለ ሕዋስ ገለጻ እንዳደርግ ተስማማን። የጤና ትምህርት መስሎኝ ከቢሮው የወጣሁት በደስታ ነው። እንዲያውም ለጥጋቡ «ይህ ሰው ለሳይንስ ልብ አለው» ብዬዋለሁ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ኮት በለበሱ ሰዎች ጢም ብሏል። ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል በእግራቸው የመጡ አሉ፣ አቧራው ገና ከጫማቸው አልረገፈም። ግድግዳው ላይ «የሕዋስ አመራሮችን አቅም እንገነባለን» የሚል ባነር ተሰቅሏል። አነበብኩት። አንብቤውም በአገሬ ኮራሁ። ንቀቴን ለሌላ ሰው ሁሉ ካከፋፈልሁ በኋላ ትልቁን ድርሻ ለራሴ የማስቀረው ለዚህች ደቂቃ ነው።

ገለጻዬን ጀመርኩ። ሕዋስ ዙሪያውን ድንበር እንዳለው፣ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ እየመረጠ እንደሚያሳልፍ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ጻፉ። እንዲህ የሚያዳምጥ ጉባኤ ውጭ አገር እንኳ አላየሁም። ሞቅ አለኝ።

«በሕዋስ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮቲን የየራሱ ሥራ አለው» አልኩ። «ሥራውን ያበላሸ እንደሆነ ምልክት ይለጠፍበታል። ምልክት የተለጠፈበት ወደ መፍጫው ይገባል። ይፈጫል፤ ከፍርፋሪው ሌላ ይሠራበታል።»

እስክሪብቶዎቹ ቆሙ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰብሳቢ እጃቸውን አወጡ። «ምልክቱን የሚለጥፈው ማን ነው?»

«ራሱ ሕዋሱ ነው።»

«የተለጠፈበት ሰው ሐሳቡን እንዲገልጽ ዕድል አይሰጠውም?»

«አይሰጠውም።» «ሰው» ስላሉት ነገር ልብ አላልኩም። ሽማግሌው ቀስ ብለው የኮታቸውን ጀርባ ሲዳስሱ አየሁና አሳክኳቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

«አንዳንዴ ደግሞ ሕዋሱ በሙሉ ይበላሻል» አልኩ። «ያኔ ጤነኛ ከሆነ ራሱን ያፈርሳል። ማንም ሳያስገድደው፣ ሳይጮህ፣ ጎረቤቱን ሳያስቀይም ይፈርሳል። ሰውነት በሕይወት የሚኖረው በዚህ ነው።»

አስናቀ ሳል ጀመረው። ውኃ እንዲጠጣ በእጄ አመለከትኩትና ቀጠልኩ።

«አደገኛው አልሞትም ያለው ነው። ጊዜዬ አልፏል አይልም። የሌላውን ሲሳይ ይበላል፣ ራሱን ያባዛል፣ ያልተጠራበት ቦታ ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል። በጊዜው ካልተነቀለ የያዘውን አካል ይዞ ይሞታል። ካንሰር የምንለው ይህንን ነው።»

ከጄኔሬተሩ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ከኋላ አንድ ሰው አንዴ አጨበጨበና ደንግጦ አቆመ። ማን እንደሆነ ለማየት የዞረ የለም። ላለመዞር ሲታገሉ አንገታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

ሽማግሌው ሰብሳቢ እንደገና ተነሡ። «ዶክተር፣ ለግልጽነት ያህል ነው። ይህ አቅጣጫ ከበላይ የወረደ ነው ወይስ ያንቺ የግል አስተያየት ነው?»

ያኔ ባነሩን እንደገና አነበብኩት። «እኔ... እኔ እያልኩ ያለሁት ስለ እርሾ ሕዋስ ነው» አልኩ።

ከመካከላቸው አንዱ መዝገብ የያዘ ሰው ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ፣ «እርሾ የሚባል ቀበሌ እኛ ጋ አለ እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

ላስተካክል አፌን ስከፍት ስክሪኑ ጠራ። ፕሮፌሰሩ ነው። ፊቱ ግድግዳውን ሞልቶ ብቅ ሲል አዳራሹ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ፤ በዚያ ስክሪን ላይ የሚመጣ ፊት የበላይ አካል ብቻ ነበርና ለማንኛውም ፊት መነሣት ለምዷቸዋል። ፕሮፌሰሩ በሕይወቱ እንዲህ ተከብሮ እንደማያውቅ ከቅንድቡ ያስታውቃል። ሰዎቹን ውጡልኝ ልል ወደ አስናቀ ዞርኩ። እሱ ግን ስለ ካንሰሩ የሰሙትን የሚያስረሳ ነገር በማግኘቱ ተደስቶ፣ «ተቀመጡ! ይህ ዓለም አቀፍ ተሞክሮ ነው፣ እንከታተላለን!» አለ።

«ከኋላሽ ያሉት እነማን ናቸው?» አለ ፕሮፌሰሩ በእንግሊዝኛ።

ልዋሽ እችል ነበር። ግን የመጣልኝን እውነት ተረጎምኩለት፤ የሕዋስ ቡድኖች መሪዎች ናቸው አልኩት።

«ሁሉም?» አለ ተደንቆ። «በፕሮቲን ላይ ነው የሚሠሩት?»

አስናቀ ከጎኔ ቆሞ «ምን አለ? ተርጉሚ እንጂ» ይለኛል። ስለ ፕሮቲን ይጠይቃል አልኩት። አስናቀ ኮቱን ቆለፈ። ወደ ካሜራው ቀረበ።

«አንደኛ» አለ፣ «በወረዳችን የፕሮቲን አቅርቦትን በተመለከተ በዶሮ እርባታና በወተት ልማት ሰፊ ንቅናቄ ተደርጓል።»

ከዚያ ወዲያ ቃለ መጠይቁ የኔ አልነበረም። አስናቀ ስለ ዶሮ ሪፖርት ያቀርባል፤ እኔ እንዲያጥር እየቆራረጥኩ እተረጉማለሁ፤ ፕሮፌሰሩ «በጣም ደስ ይላል» ይላል። ከግዳን ወገን ካሉት ቀበሌዎች የመጡት ደግሞ የእኛ ንቅናቄ አልተነሣም ብለው እጅ አወጡ። ባቄላም ፕሮቲን እንደሆነ ተነሣ። በመካከል እንደምንም ብዬ ስለ ጥናቴ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጣል አደረግሁ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ፤ ማጨብጨቡ ድምፄን ዋጠው።

በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ሰዓቱን አየ። ፊቱ ላይ አክብሮት አለ፤ ያንን አክብሮት ባየሁ ጊዜ ነው ነገሩ እንዳለቀ ያወቅሁት። «እውነቱን ልንገርሽ» አለኝ፣ «እኔ የምፈልገው ቤተ ሙከራ ተቀምጦ ናሙና የሚለይልኝ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሰው የምትመራ ሴት እዚህ ጥግ ላይ ላስቀምጣት አልችልም። ቦታው ላንቺ ይጠብሻል።»

«አይጠበኝም!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ማንንም አልመራም! እለያለሁ! ናሙና ለዪ ካልከኝ እስክሞት እለያለሁ!»

ጄኔሬተሩ ጠፋ። ነዳጅ አልቆ ነው። ስክሪኑ ሲጠቁር፣ ስብሰባ ባለቀ ቁጥር እንደሚያደርጉት፣ ሁሉም ተነሥተው አጨበጨቡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከፕሮፌሰሩ ያንኑ ቃል የሚደግም ኢሜይል ደረሰኝ። ስሕተቱን ሁሉ ዘርዝሬ የጻፍኩለትን ማብራሪያ ደግሞ ትሕትና ነው ብሎ ተቀበለው። አባቴ ግቢ ውስጥ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«አልተቀበሉሽም?» አሉኝ።

«ለቦታው ትበዣለሽ አሉኝ አባባ።»

ጥቂት አሰቡና «ታዲያ በዚህስ አልዋሹም» አሉ።

እስከዚያ ድረስ እየሳቅሁ ነበር የቆየሁት። እሳቸው እንዲህ ሲሉ ግን ፊቴን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። አባቴ ራሴን ደባበሱኝ። ስለ ድኅረ ዶክትሬት ያኔ የተናገሩት የለም፤ ከዚያም በኋላ አንሥተውት አያውቁም።

አስናቀ በዚያው ሳምንት ለግምገማ ተቀመጠ። አባላቱ የሰሙትን ገለጻ በቃላቸው ይዘውት ኖሯል። «ጊዜው አልፎ አልወርድም ያለው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ሁሉም አጠገቡ ወዳለው ሰው አየ፤ ተዟዙሮ ተዟዙሮ ጣቱ አስናቀ ላይ አረፈ። ሐሳቡን እንዲገልጽ ዕድል አልተሰጠውም ይባላል። ምልክት ተለጠፈበት፤ ከኃላፊነቱም ተነሣ።

አዝናችሁለት ከሆነ እንባችሁን ያዙ። በዚያ ዘመን ከወንበሩ የተነሣ ሰው የትም አይወድቅም፤ ወደ ትምህርት ይላካል። አስናቀም ቻይና ሄዶ የአመራር ሳይንስ እንዲማር ሙሉ የትምህርት ዕድል ተሰጠው። ማመልከቻ አልጻፈም። ቃለ መጠይቅ አልተደረገለትም። ትልቅ ነህና ይጠብሃል ያለው የለም። እኔ ያኔ አዲስ በተከፈተ ዩኒቨርሲቲ፣ ማይክሮስኮፑ ገና ከሣጥኑ ያልወጣበት ትምህርት ክፍል፣ መምህርነት ተቀጥሬ ጓዜን እየሸከፍኩ ነበር።

ለሽኝቱ ግብዣ ተጠራሁ። ባልሄድ ቅር ይላቸዋል ብለው አባቴ አስነሡኝ። በግ ታርዷል፣ ጠላው ሞልቷል። ያ ምልክት የለጠፈበት ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ ስለ አስናቀ ቆራጥነት ተናገረ፤ ሽማግሌው ሰብሳቢ እንዲያውም ድምፃቸው ተቆራረጠ። በመጨረሻ ባለጉዳዩ አዲስ ሱፍ ለብሶ ተነሣ። ከሕዝቡ መካከል ፈልጎ አገኘኝ።

«አንደኛ» አለ፣ «ዶክተር፣ በኔ ላይ የደረሰው ባንቺ ገለጻ ምክንያት ነው ብለሽ እንዳታዝኚ። ቂም የለኝም። እንዲያውም እዚያ ስደርስ ፕሮፌሰሮቹን አነጋግሬ ላንቺም የሚሆን ቦታ አፈላልግልሻለሁ።»

ግብዣው በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ብርጭቆዬን አስቀምጬ ተነሣሁና ለአስናቀ እጅ ነሣሁ። ያመሰገንኩት ከልቤ ነው፤ ያን ሁሉ ማመልከቻ ልኬ ቦታ አፈላልግልሻለሁ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበርና።